አስካለና የተሰፋችው ዝይ

የአስካለን ሞት የነገረችኝ እንቁላል ሻጭ ናት። ወልድያ ገበያ ቁጢጥ ብዬ እንቁላል ወደ ፀሐይ እያነሳሁ ስመርጥ፣ አነጋገሯ የላስታ ሆነብኝና «ከወዴት ነሽ እቴ?» አልኳት። «ከላሊበላ» አለችኝ። የማውቃቸውን ሰዎች አንድ ባንድ ስጠይቃት ቆይቼ አስካለ ላይ ስደርስ እጇን ከቅርጫቱ አነሳች።

«ዝይ የሰፋችው አስካለ? እሷማ በጥቅምት አረፈች። ቀብሯ ላይ ያልወጣ ሰው የለም። ከእጇ ያልበላ ማን አለና።»

እንቁላሉን ትቼ ተነሳሁ። ያልደረሱበት ለቅሶ ከሰው ላይ አይወርድም፤ እኔም ድንኳኗ ውስጥ ተቀምጬ ላወራው የሚገባኝን ነገር እዚህ ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

የዝይዋን ነገር ላሊበላ ሁሉም ያወራዋል፤ ግን እንደ ተረት ነው የሚያወራው። አንዳንዱ ጭራሽ ዝይዋ ከተሰፋች በኋላ ተነሥታ ሄደች ሳይል አይቀርም። እኔ እዚያው ነበርኩ። እንዲያውም ሀቁን ላውጣውና፣ የሰፋቻት እሷ ትሁን እንጂ የገፈፍኳት እኔ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ ሁለት ሦስት ዓመት በፊት። ላሊበላ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆቴል ነበር። እኔ እዚያ አንሶላ አጥባለሁ፣ የተቀደደውን እጠግናለሁ። አስካለም የተቀጠረችው እንደኔው አጣቢ ሆና ነው። የቀድሞው አብሳይ አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ ሲጠፋ «እስኪ ለዛሬ ብቻ ግቢ» አሏትና ወጥ ቤት ገባች። ያ «ለዛሬ ብቻ» ሁለት ዓመት አለፈው። እጇ አብሳይ፣ ወረቀቷ አጣቢ።

የሙጃ አገር ሰው ናት። ረዥም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ስትራመድ ወለሉ የሚሰማት ሴት ነበረች። በስምንት ዓመት ያህል ስለምትበልጠኝ «እታለም» ነበር የምላት። ሰው ሲበላ ቁጭ ብላ አታውቅም፤ በር ላይ ቆማ ትከሻዋን መቃኑ ላይ አስደግፋ የበላተኛውን መንጋጋ ታያለች። «አፍ ይዋሻል፤ መንጋጋ አይዋሽም» ትላለች።

ደግሞ በጆሮዋ ነበር የምታበስል። መቼም ከዓመቱ ግማሹ ጾም ነው፤ ሆቴል ደግሞ አይጾምም። አስካለ ጾሟን የምትገድፍ ሴት አልነበረችም። ስለዚህ ሥጋ ሳትቀምስ ማብሰልን ራሷን አስተምራለች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ድስቱ ታስጠጋና «ስሚው» ትለኛለች። «ውኃ ሲበዛበት ይንጫጫል። ሲበስል እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል። ዝም ካለ አምልጦሻል፤ አሯል ማለት ነው።» ጨውን በሽታ ትለያለች። ስታሸት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያኔ ማንም አያናግራትም።

አንድ ታኅሣሥ፣ በገና ጾም መካከል፣ አፈሩ ሜዳ ላይ አውሮፕላን አርፎ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ አራት መሐንዲሶች አወረደ። የከተማውን ውኃ ሊያዩ ነው። ከዕቃቸው ጋር አንድ ትልቅ ቅርጫት ወረደ። ዘበኛችን አያ ደምሴ ቅርጫቱን አቅፎ ግቢ ሲገባ፣ ከውስጡ አንድ ነጭ አንገት ብቅ ብሎ ጋቢውን ነከሰው።

«በስመ አብ!» አለ አያ ደምሴ ቅርጫቱን ጥሎ። «ይህ ምን የሚሉት ፍጡር ነው? አንገቱ የእባብ፣ እግሩ የእንቁራሪት!»

ዝይ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የፈረንጅ እርሻ ተገዝታ ነው የመጣች። በማግሥቱ የእነሱ ገና ነውና ያለ ዝይ በዓል አይሆንላቸውም አሉ። የከተማው ካድሬ ጓድ ተፈራ ግን «ገና» የሚል ቃል በሆቴሉ ውስጥ እንዳይነሳ አዘዘ፤ «የወዳጅነት ምሳ» ተባለ። ምሳው የተባለውን ይባል፣ ዝይዋ እንደሆን ግቢውን ይዛዋለች። አያ ደምሴ ከዘበኛ ቤቱ መውጣት አልቻለም።

ሥራ አስኪያጁ አስካለን ጠርቶ በኔ ፊት እንዲህ አላት፦ «ነገ ይህ ምሳ ካማረ፣ አብሳይ ተብሎ በስምሽ ደብዳቤ ይጻፍልሻል። ካላማረ ግን፣ ከአዲስ አበባ የሠለጠነ አብሳይ ጠይቄያለሁ፤ አንቺም ወደ አንሶላሽ ትመለሻለሽ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አስካለ በመስኮቱ ዝይዋን ለረዥም ጊዜ አየቻት። «እንግዲያው ነገ እንተያያለን» አለቻት። ለሥራ አስኪያጁ ያለችው የመሰለውም ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ አስካለ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ወልዴ ሄደች። እንዲህ ያለ ወፍ በጾም መንካት ይፈቀድ አይፈቀድ ሳትጠይቅ እጇን ማስገባት አልፈለገችም። እሷ በሌለችበት ሰዓት አንዱ መሐንዲስ እጅጌውን ጠቅልሎ ዝይዋን ራሱ አረዳት፤ ከእኛ ወገን የሚያርዳት አልተገኘማ። ከዚያ እግሯን ይዞ ለኔ አቀበለኝ።

እኔ ምን ልሥራ? እናቴ ያስተማረችኝን ሠራሁ። የፈላ ውኃ አፍስሼ ላባዋን ነጨሁ። በነበልባል ለበለብኳት። ከዚያ ቆዳዋን ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ገፈፍኩና የዓመድ ጉድጓዱ አጠገብ ወረወርኩት። በሎሚ በጨው አሸሁ፤ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ሰባት ጊዜ አጠብኳት። ቆዳዋን ለብሳ ድስት የምትገባ ዶሮ የት ታውቃለች? እንዲያ ያለችዋን ዶሮ ያቀረበች ሙሽራ እኮ በአማቷ ቤት ዘመኗን ሲሳቅባት ትኖራለች። እንዲያውም ኮርቼ ነበር። ጠቦት የምታህለውን ወፍ አጽድቼ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ላወጣ ቢላዬን መገጣጠሚያዋ ላይ አስቀምጫለሁ።

አስካለ በዚህ ጊዜ ገባች። «መምሬ ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ማብሰል እንጀራሽ ነው፤ እጅሽ ይሥራ። ወደ አፍሽ ግን እንዳትሰጂው› አሉኝ።» ነጠላዋን ሰቀለች። «ደግ ነው። አፌን ከድስት ለይቼ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ከኋላዋ አስተርጓሚው ሳሙኤል ብቅ አለ። እንግዶቹን ይዞ ወደ አሸተን ማርያም ሊወጣ በቅሎዎቹ ተጭነው ይጠብቁታል። ዝይዋ እንዴት እንደምትሠራ ሊነግረን ነው የገባው። «ሙሉዋን ነው የምትጠበሰው» አለ። «ሆዷ ይሞላል፤ ፖም ካለ በፖም። ዋናው ነገር ግን…» ጠረጴዛውን አየ። ቀላ። «ቆዳዋስ?»

«ጣልኩት» አልኩት።

«ዋናው እኮ ቆዳው ነው! ከአፍ ሲገባ ኩርሽም እንዲል እኮ ነው የሚጠብሷት! ያለ ቆዳማ…» ራሱን ይዞ ቆመ። ከውጭ በስሙ ሲጠሩት «በስምንት ሰዓት እንመለሳለን፤ እግዜር ይሁናችሁ» ብሎ ወጣ።

እኔ መሬት ብትከፈት በገባሁ። አስካለ በኔ ምክንያት ወደ አንሶላ ልትመለስ ነው። ማልቀስ ጀመርኩ።

«አሁን አታልቅሺ» አለችኝ። «ቆዳው የት ነው?»

«ዓመድ ጉድጓዱ አጠገብ።»

«ውሻ አልወሰደውም?»

ሮጬ ወጣሁ። የጎረቤት ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ራሱን አስገብቶ ቆዳውን እያየ ነው፤ መሐላችን አሥር እርምጃ የለም። ያን ዕለት ከውሻው ቀደምኩ። በሕይወቴ የቀደምኩት አንድ ፍጡር ቢኖር እሱ ነው።

አስካለ ዓመዱን አጥባ ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እንደ ልብስ አገላብጣ አየችው፤ ጀርባው ላይ ሁለት ቦታ ቀድጄዋለሁ፣ ሆዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ከፍቼዋለሁ። «ከደረቷ ጀምረሽ ነው የገፈፍሽው» አለች። «በይ የአንሶላ መርፌሽን አምጪ። ክርም፤ ነጩን።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ላለብሳት ነዋ። ራቁቷን እንግዳ ፊት ትቅረብ?»

መጀመሪያ ሆዷን ሞላች። ፖም በላስታ የለም። ከተራራ የመጣ ጦስኝ ነበራት፤ ከሽንኩርትና ከደረቅ ዳቦ ጋር ቀላቅላ ሆዷ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ከዚያ ቆዳውን አለበሰቻት። እኔ ጠርዝና ጠርዙን ገጥሜ እይዛለሁ፤ እሷ ስፌት በምንሰፋበት ወስፌ ትበሳና በመርፌው ትከተላለች። እንደ ኩታ ጥለት አስተካክላ ነው የሰፋቻት። ጡንቻ ያለበት ቦታ ስትደርስ ታጠብቃለች፤ ክንፉ ሥር ስትደርስ ታላላለች። «ሲሞቅ ይሰበሰባል፤ ካጠበቅሁት ይተረተራል» አለችኝ። ይህን ማን ነገራት? ማንም። ቆዳ ሲለፋ አይታ ነው።

የጋዝ ምድጃችን ጋዝ ካየ ወራት አልፎት ነበር። ስለዚህ እንደ ድፎ ዳቦ ልትጋግራት ወሰነች፤ ሰፊ የብረት ድስት፣ ከታች እሳት፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም። ጥቂት እንደቆየች ግን የዝይዋ ጮማ ይቀልጥ ጀመር። እንዲያ ያለ ጮማ አይቼ አላውቅም! ከድስቱ ሞልቶ እሳቱ ላይ ፈሰሰና ነበልባሉ የጣሪያውን ቆርቆሮ ላሰው። አስካለ በሰፌድ ዓመድ በተነችበት። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ክዳኑን በእንጨት እያነሳች፣ ጮማውን በጭልፋ እየቀዳች፣ ገሚሱን ወደ ማሰሮ ገሚሱን መልሳ በጀርባዋ ላይ ታፈስላታለች።

ጆሮዋን ልታስጠጋ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ግን ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«አላውቃትም» አለችኝ። ከአፏ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። «የዶሮን ድምፅ አውቃለሁ፣ የበግን አውቃለሁ። ይህችን የት ሰምቻት? ትስቃለች ትጮኻለች፣ ምን እንደምትል አይገባኝም።»

«እንግዲያው የሚቀምስ ሰው እንፈልግ!»

ማን ይቅመስ? አያ ደምሴ ጾመኛ ነው፤ ባይጾምም የእግሯ ጣት እንደ እንቁራሪት የተያያዘ ወፍ ከሚበላ ቢሞት ይመርጣል። ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ዘሃራ የገና ጾም የለባትም፤ የኛን እርድ ግን አትቀምስም። ልጆች አይጾሙም፤ ግን የትኛዋ እናት ናት ለልጇ ያንን የምታጎርስ? «ሥራ አስኪያጁንስ?» አልኳት። እሱ ለጾም ግድም አልነበረው።

«ዳኛውን ምስክር ላድርገው? ተይ እቴ።»

ከዚያ አንድ በርጩማ ጎትታ ድስቱ አጠገብ ተቀመጠች። ስታበስል ተቀምጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን ወደ ፍሙ ሰጥታ፣ ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልገባበት ሆዷን ይዛ ትሰማለች። የሻሽዋ ጫፍ በፍሙ ተቃጥሎ ሲጨስ እንኳ እኔ ነኝ በእጄ ያጠፋሁላት። ሰዓቱ ስድስት፣ ሰባት አለ። ድንገት ዓይኗን ገለጠች።

«አጉረመረመች» አለች። «ክዳኑን አንሺ!»

አነሳሁት። ምን ልበላችሁ፤ ወርቅ! ቆዳው ተነፍቶ፣ ቀልቶ፣ እንደ አዲስ ከበሮ ተወጥሮ፣ ከስፌቱ አንድም ሳይተረተር።

እንግዶቹ ከተራራው ተርበው ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ራስ፣ ጓድ ተፈራ በሌላው ራስ ተቀመጡ። አስካለ ዝይዋን በሰፊ ትሪ ይዛ ስትገባ መሐንዲሶቹ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። እኔ ድንች ይዤ ከኋላዋ ነኝ።

ጓድ ተፈራ እጁን አነሳ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ነግረውት ኖሯል። «ጓድ አስካለ» አለ፣ «በአገራችን ወግ አብሳይ በእንግዳ ፊት ቀድማ ትቀምሳለች አይደለም? በይ ቅመሺ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ያንን ወግ የፊውዳል ብሎ የሚሰድበው እሱ ነው። ሳሙኤል መተርጎሙን አቆመ። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አስካለ ትሪውን አስቀመጠች።

«ወጉስ ልክ ነው ጓድ። ግን ወጉ እኮ እንግዳ መርዝ ሲፈራ ነው። እንግዶቹ ፈርተውኛል?»

«ነገሩ መርዝ አይደለም። ጾም ላይ ናት ይባላል።»

«አዎን፣ ጾም ላይ ነኝ» አለች። በዚያን ጊዜ በካድሬ ፊት እንዲህ አይባልም።

ቢላዋውን አነሳች። ትልቁን የዝይዋን ጭን ገንጥላ በሳህን አድርጋ፣ ጠረጴዛውን ዞራ ጓድ ተፈራ ፊት አስቀመጠችው። «ለኔ እርስዎ ይቅመሱልኝ። በዚህ ገበታ ላይ ከእርስዎ የሚበልጥ ማን አለ?»

ጓድ ተፈራ ሹካውን አነሳ። ጭኑን አየው። ሹካው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው ምሳውን ሆቴላችን ነበር የሚበላው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ነው፤ የዐቢይ ጾም ሁለቱን ወር ሙሉ ሽሮ፤ በዚያም ዓመት ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሽሮ። ሁልጊዜም «ጨጓራዬን ያመኛል» ይላል። እኔ ምስኪኗ አዝንለት ነበር። አስካለ ግን መንጋጋ የምታይ ሴት ናት፤ የጨጓራው ሕመም ቀን እየቆጠረ እንደሚመጣ ካወቀች ቆይታለች።

ግንባሩን ላብ ቸፈፈው። እንግዶቹ ያዩታል፣ ሥራ አስኪያጁ ያየዋል። አስካለም ከጎኑ ቆማ ታየዋለች። ጥቂት ቆየች፤ ማወቋን እስኪያውቅ ድረስ ብቻ። ከዚያ ደረቷን በእጇ መታች።

«ውይ በሞትኩት! ጨጓራዎን ረስቼ! ይህ ጮማ ለጨጓራ ጠላት አይደለም እንዴ? እኔ ደንቆሮ!» ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው። «ሽሮዎ ተሠርቷል፤ አሁን ታመጣልዎታለች።»

«አዎን» አለ ጓድ ተፈራ ድምፁን እየጠረገ። «ሐኪም ከልክሎኛል።» ስለ መቅመስ ዳግመኛ ቃል አልተነፈሰም።

ሽማግሌው መሐንዲስ ዝይዋን መቁረጥ ጀመረ። ቢላዋው ክር ነካ። ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበው፤ መጣ፣ መጣ፣ አላልቅ አለ። ወደ ሳሙኤል ዞሮ የሆነ ነገር ተናገረ።

«እናቱም ሆዷን ሞልታ በነጭ ክር ነበር የምትሰፋት ይላል» አለ ሳሙኤል እየሳቀ። «ግን ይህችኛዋ ጀርባዋም ተሰፍቷል። ቆስላ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

«ሩቅ መንገድ የመጣች እንግዳ ናት በለው» አለች አስካለ። «ልብሷ ተቀዶ ነው የደረሰችው።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። የጨው ዕቃው ጠረጴዛው መሐል ተቀምጦ ነበር፤ አንድም እጅ ወደሱ አልተዘረጋም። አስካለ መቃኑን ተደግፋ መንጋጋቸውን እያየች ነበር።

ወጥ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም። «እታለም፣ ብታጋልጪው እኮ አለቀለት! ሌላውን በጾም ሲከስ የኖረ ሰው!»

«ዝም በይ» አለችኝ ተቆጥታ። «እኔ በግልጽ እጾማለሁ፤ እሱ ከሰው ተደብቆ ይጾማል። የማንኛችን እንደሚከብድ አንቺ ታውቂያለሽ? የሰውን ጾም በአደባባይ አስገድፌ ነው የኔን የምጠብቀው?»

ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን መጣ። አስካለ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ የተማርኩ ስለሆንኩ አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩና ወረቀቱን አገላብጬ ጀርባውን አየሁ።

«ምን ይላል?»

«‹ተጠባባቂ አብሳይ› ይላል። ከአዲስ አበባ ቋሚ አብሳይ እስኪመደብ ድረስ።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። «ቃልዎ እንዲህ አልነበረም» አለችው። «ለጊዜው ነው አስካለ፣ አትቸኩይ» አላት። አልተከራከረችም። ተመለሰችና ሦስቱም ምድጃ ላይ ውኃ አፈሰሰች። እንፋሎቱ ቤቱን ሲሞላው በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እታለም፣ ያባርሩሻል!»

«የሌለኝን ምን ያነሡብኛል?»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ጓድ ተፈራ ለምሳ መጣ፤ ጠረጴዛው ባዶ፣ ወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ሲሮጥ «አመፅ ነው ጓድ፣ አመፅ ነው!» ይላል። አስካለ ተነሥታ በሁለት እጇ ወረቀቱን ለጓድ ተፈራ ሰጠችው።

አነበበው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ምሳው ካማረ ብለህ ቃል ሰጥተሃታል?»

«እሱማ… ግን ጓድ፣ የበላይ አካል ሳያውቅ…»

«ምሳው አላማረም?»

ጓድ ተፈራ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሁለት ቦታ ሠረዘ፣ ሥሩ ላይ ፈረመ፣ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠው። «ማኅተም አድርግበት።»

ማኅተሙ ገና ሳይደርቅ ወረቀቱ እጄ ገባ። አስካለ ከወዲያ ሆና «አንብቢዋ» አለችኝ።

«‹ወይዘሮ አስካለ፣ የሆቴሉ አብሳይ።›»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም። የቀረው ተሠርዟል።»

ራሷን ነቀነቀች። ሻሽዋን ፈትታ አጥብቃ አሠረች።

«በይ ተነሽ፣ ደረቅ እንጨት አምጪ» አለችኝ። «ሰው ርቦታል።»